ዓይናቸው ስላልቀላ ብቻ ጠብታውን አያቋርጡ

እናትዎ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሁለተኛ ሳምንታቸው እንደሆነ፣ ዓይናቸው ስላልቀላና በደንብ ስለሚያዩም የፀረ ብግነት (የዓይን ውስጥ መቆጣትን የሚያበርድ) ጠብታው ይቁም ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሐኪማቸው ሳያዝ አያቁሙት። በዓይን ውስጥ ያለው ብግነት ከውጭ ሳይታይ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ እንደ ፕሬድኒሶሎን 1% ያለ ስቴሮይድ የሚባል ፀረ ብግነት ጠብታ በቀን 4 ጊዜ ያስጀምሩና በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይቀንሱታል፤ በድንገት ሲቋረጥ ሊያገረሽ ይችላል።

አንደኛ፣ የፕሬድኒሶሎን ጠብታ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ሁልጊዜ ብልቃጡን በደንብ ነቅንቀው ይጨምሩላቸው። ሌላ ጠብታ ካላቸው ደግሞ የኋለኛው የፊተኛውን አጥቦ እንዳያስወጣው በመካከሉ 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ከመድኃኒት ቤት ሳይወጡ በብልቃጡ ላይ ያለውን ስም ከማዘዣው ጋር ያመሳክሩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በእናቴ ላይ ከደረሰው የተነሳ ነው። የታዘዘላቸው አንድ አንቲባዮቲክና አንድ ስቴሮይድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የሄደበት ፋርማሲ ስቴሮይዱ ስላለቀበት፣ ባለሙያው «ያው ነው፣ ተመሳሳይ ነው» ብሎ በምትኩ ሌላ አንቲባዮቲክ ሰጠው። አንቲባዮቲክ ተሕዋስን ይከላከላል እንጂ ብግነትን አያበርድም፤ እናቴም በሰዓቱ እየተጨመረላቸው፣ አንድም ጠብታ ሳይዘለል፣ ብርሃን መመልከት አቃታቸው፤ ቅንድባቸው አካባቢም ይጠዘጥዛቸው ጀመር።

ወደ ሆስፒታሉ ስንመለስ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «ቀጠሯቸው አልደረሰም» ብላ ፊቷን አዞረች። እናቴ ዓይናቸውን በነጠላ ጋርደው እንደቆሙ እያየች አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በዚያው ወረፋ ላይ ማዘዣውንና ሁለቱን ብልቃጦች አውጥቼ ሳስተያይ አንደኛው መድኃኒት ጨርሶ እንዳልተሰጠን ደረስኩበት፤ ለአንዲት ነርስ ሳሳያት ወዲያውኑ አስገባችን። ሐኪሙም ሁለቱም አንቲባዮቲክ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ ስቴሮይዱንም በየሰዓቱ እንዲጨመር አዝዞ ዓይናቸው ዳነ። ያን ቀን ከካርድ ክፍሉ ወደ ቤት ሳልመለስ በመቅረቴ እኮራለሁ።

እናትዎ እንደ እናቴ የስኳር ሕመም ካለባቸው ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሬቲናው (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ማዕከል የማበጥ አደጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ እብጠቱም ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ፣ ማለትም ሁሉም ነገር አለፈ ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ፣ ይታያል። ለዚህም ከስቴሮይዱ ጋር ኬቶሮላክ ወይም ኔፓፌናክ የተባለ ስቴሮይድ ያልሆነ ፀረ ብግነት ጠብታ ሊጨመርላቸው ይችላል። በአንጻሩ ብልቃጡ ሲያልቅ ለጥንቃቄ ብለው ሌላ ስቴሮይድ በራስዎ አይግዙ፤ ከታዘዘው ጊዜ በላይ መጠቀም የዓይን ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በተለይ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ፣ ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የተያያዘ ሕመም) ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ሕመም ከበረታ፣ ዓይኑ እየቀላ ከሄደ ወይም እይታቸው ከቀነሰ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው። ካርድ ክፍል ቀጠሮ ከጠየቀዎት «በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል፣ እይታቸውም ቀንሷል» ብለው በቀጥታ ለነርስ ይንገሩ፤ ብልቃጦቹንና ማዘዣውንም ሁሉንም ይዘው ይሂዱ።