የአባቴ ደብተር ታሪክ ይባላልን?

ጥያቄ፦ አባቴ የአዌቱ ወንዝ ሞልቶ ሰፈራችንን ያጥለቀለቀበትን ሌሊትና በገበያው አጠገብ የተነሣውን ቃጠሎ ከነቀኑ በደብተር ጽፈው አልፈዋል። ወንድሜ ግን «የአንድ ሰው ወሬ ታሪክ አይሆንም» ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ አንድ ምስክር ሁሉን አያይም ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው፤ ደብተሩ ዋጋ የለውም ማለታቸው ከሆነ ግን አንስማማም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አስተዳደር ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1660 እስከ 1669 በጻፈው የዕለት ማስታወሻ፣ ለንደንን በ1665 የፈጀውን ወረርሽኝና በ1666 ያወደማትን ቃጠሎ ባየው መጠን መዝግቧል። በኦገስት 1665 መጨረሻ፣ በዚያ ሳምንት ከሞቱት 7,496 ሰዎች 6,102ቱን ወረርሽኙ እንደ ገደላቸው ከይፋዊው ዝርዝር ከገለበጠ በኋላ፣ ድሆች ከብዛታቸው የተነሣ ስለማይቆጠሩ፣ ደወል እንዲደወልላቸው የማይፈልጉም ስላሉ፣ እውነተኛው ቁጥር ወደ 10,000 እንደሚጠጋ ሥጋቱን ጽፏል። ይህን የመሰለ ጥርጣሬ ከመንግሥት መዝገብ አይገኝም።

ቃጠሎው በተነሣበት ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ የቤት ሠራተኛዋ ቀስቅሳ እሳቱን ስታሳየው፣ ሩቅ መስሎት ተመልሶ መተኛቱን እንኳ አልደበቀም። ሲነጋ ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ሰዎች ዕቃቸውን ወደ ጀልባና ወደ ውኃ ሲወረውሩ፣ ርግቦችም ከለመዱት ቤት መለየት አቅቷቸው በመስኮቶች ዙሪያ ሲያንዣብቡ ክንፋቸው ተቃጥሎ ሲወድቁ አየ። ከ13,000 በላይ ቤቶች መውደማቸውን ሌሎች ጽፈውልናል፤ ርግቦቹን ግን ያቆየልን እሱ ነው።

ስለዚህ የአባትዎን ቃል ሳያርሙ፣ ስሕተት ቢመስልዎትም ሳይነኩ ይገልብጡ፤ ቀኑንም እንደ ጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይተዉት። በዓይናቸው ያዩትንና ከጎረቤት የሰሙትን የለዩበት ቦታ ካለ በተለይ ይጠብቁት። ያንን ሌሊት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በሰፈሩ ካሉም የሚነግሩዎትን በደብተሩ ኅዳግ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ይጻፉ፤ ወንድምዎ የሚሹት ማመሳከሪያ ይኸው ነው። ደብተሩን ከጅማ ክረምት እርጥበት ያርቁት። ፒፕስ በአጭር ጽሕፈት ምልክቶች ስለ ጻፈ፣ ማስታወሻው ተፈትቶ እስኪታተም እስከ 1825 መቆየት ግድ ሆኖበታል፤ የአባትዎን የእጅ ጽሑፍ ሳይቸገር የሚያነብ ሰው በቤትዎ ካለ ግን ግልባጩን ከእሱ ጋር በዚህ ሳምንት ይጀምሩ።