ኤጀንቱ የጠዋቱን ቀጠሮ ሌሊት ለምን ያስገባል?

ጥያቄ፦ ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ሠርቻለሁ። ደንበኞች በቴሌግራም በአማርኛ ይጽፋሉ፤ የኤአይ ኤጀንቱ የእኔን ቱሎች (ሥራ እንዲያከናውንባቸው የሰጠሁትን የኮድ ተግባራት) እየጠራ ቀጠሮ ይይዛል። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን የጠዋቱን ሌሊት፣ የከሰዓቱን ማታ ያስገባዋል። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፣ ችግር የለበትም። ኤጀንቱ የሚሠራበትን የኤአይ ሞዴል ልቀይረው? የቱሎቹን መግለጫ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞዴሉን አትቀይር። ገና የጠዋቱ ወደ ሌሊት፣ የከሰዓቱ ወደ ማታ ሄደ ስትል ነው የጠረጠርኩት። መግለጫህ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ «ጠዋት 3 ሰዓት» 03:00 ሆነ፣ «ከሰዓት 8 ሰዓት» 20:00 ሆነ። ሁለቱም ላይ ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው።

ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ የተላከውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፍተህ አረጋግጥ። ኤጀንቱ ቱሉን ሲጠራ የላከውን ቁጥር እንዳለ አውጣው። 03:00 ካገኘህ ስህተቱ ኮድህ ጋ ሳይደርስ ተፈጥሯል። በትክክል 09:00 ልኮ ሲስተምህ 12:00 ካሳየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ኮድህ ሰዓቱን እንደ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ወስዶ የአዲስ አበባን የ3 ሰዓት ልዩነት ጨምሮበታል። ሁለቱ ስህተቶች ሲገናኙ ያው ቀጠሮ 06:00 ላይ ይወድቃል። ያን ካየህ ሁለቱንም ታስተካክላለህ።

ጥገናው ከመጀመሩ በፊት የስረዛ ቱሉን ከዋናው ዳታቤዝ አላቅቀው። ሙከራህን በኮፒ ላይ ሥራ። መግለጫ ስትቀያይር ኤጀንቱ ያልጠበቅከውን ቱል ሊጠራ ይችላል። ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው መጥቶ ስሙ ከመዝገብ ጠፍቶ ማግኘት የለበትም።

አሁን ኮዱ ደህና ሆኖ ሳለ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳህ። ይህን የገባው ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል። ሞዴሉ ኮድህን አያየውም። ስለ ቱሉ የሚደርሰው የቱሉ ስም፣ መግለጫው፣ የፓራሜትሮቹ (ቱሉ ሲጠራ የሚሞሉት ክፍሎች) ስም፣ ዓይነትና ማብራሪያ ብቻ ነው። እነሱም ከደንበኛው መልእክት ጋር አንድ ላይ እንደ ጽሑፍ ይቀርቡለታል። ከዚያ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። መግለጫህ ዝም ያለበትን ቦታ፣ ሲሠለጥን በብዛት ባየው ነገር ይሞላዋል። በብዛት ያየው ደግሞ ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር ጽሑፍ ነው። እኛ ከንጋት እንቆጥራለን። የኢትዮጵያን ሰዓት አያውቅም ማለት አይደለም፤ ጠይቀው፣ አሳምሮ ያስረዳሃል። ነገር ግን ፓራሜትሩ «ታይም» ብቻ ሲለው ያንን እውቀት የሚያነሳበት ምክንያት የለውም። አንዳንዴ የደንበኛው አማርኛ ያስታውሰዋል፣ አንዳንዴ አያስታውሰውም። «አንዳንዴ ልክ ነው» ያልከው ለዚህ ነው። ክሊኒኩ አዲስ እንግዳ ተቀባይ ቢቀጥር «ሰዓቱ በሀበሻ ነው» ብሎ የሚነግራት የለም። ለኤጀንቱ ግን መጻፍ ያለብህ ይኸው ለማንም የማይነገረው ነገር ነው።

የላክህልኝን መግለጫ አየሁት። «ታይም፦ የቀጠሮው ታይም» ይላል። ይህ ከኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት በር) ላይ በአንድ ጠቅታ ዶክመንቴሽን ከሚያወጡት ነጻ መቀየሪያዎች የመጣ ነው። የፓራሜትሩን ስም መልሰው ይጽፉና መግለጫ ይሉታል። በጣም ያናድደኛል፤ ባዶ ቢተውት ይሻል ነበር፣ ቢያንስ እንደጎደለ ይታይ ነበር።

ከአንተ በፊት የነካካውም ሰው አበላሽቶታል። ፕሮምፕቱ (ለኤጀንቱ የሚሰጠው ቋሚ መመሪያ) ላይ «በጣም ተጠንቀቅ!!! ሰዓት እንዳትሳሳት» ብሎ ጽፏል። ምኑን ይጠንቀቅ? ኮዱ ላይ ደግሞ ከ07:00 በፊት በሆነ ሰዓት ላይ ሁሉ 6 ጨምሯል። 03:00 ይድናል፣ 20:00 ግን እዚያው ማታ ይቀራል። ሁለቱንም አውጣቸው።

ጥገናው እንዲህ ነው። አቆጣጠር የመቀየሩን ሥራ ለሞዴሉ አትስጠው፣ ኮድህ ይሥራው። ሞዴሉ ደንበኛው ያለውን እንዳለ ያቀብል። ሰዓት አንድ ፓራሜትር ይሁን፣ ከ1 እስከ 12። የቀኑ ክፍል ሌላ ፓራሜትር ይሁን፤ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ብለህ በኢነም፣ ማለትም ከእነዚህ ሌላ በማይቀበል ዝርዝር፣ ዝጋው። አቆጣጠሩ ሦስተኛ ይሁን፤ የኢትዮጵያ ወይም የፈረንጅ። ሦስቱንም ግዴታ አድርጋቸው። መግለጫው ውስጥ ምሳሌ አስገባ፦ «ደንበኛው ጠዋት 3 ሰዓት ካለ 3፣ ጠዋት፣ የኢትዮጵያ ብለህ ላክ። ራስህ ወደ 09:00 አትቀይር።» አንድ ልጅ ከአሜሪካ ሆኖ ለእናቱ ቀጠሮ ሲይዝ 10 ሰዓት ቢል የቱን ማለቱ ነው? አይታወቅም። «አቆጣጠሩ ካልተለየ ደንበኛውን ጠይቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምር።

ቀኑንም አብረህ አስተካክል፤ ተራውን እየጠበቀ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ነው። ዝም ካልከው ኦክቶበር 5 ብሎ ሊያስገባው ይችላል። ቱሉ ሲመልስም «ተይዟል» ብቻ አይበል። «ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ይመልስና ኤጀንቱ ለደንበኛው ያንብብለት። ስህተት ቢኖር ሰውዬው ራሱ ያየዋል።

የስህተት መልእክትም ዶክመንቴሽን ነው። «400» (ጥያቄው ልክ አይደለም የሚል የስህተት ቁጥር) ብቻ ሲመጣለት ኤጀንቱ በግምት ሌላ ሰዓት ይሞክራል። «ክሊኒኩ ከጠዋት 2 እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት ይሠራል፣ በዚህ መካከል ያለ ሰዓት ጠይቅ» በለው።

«ቀጠሮ ቀይር» እና «ቀጠሮ ሰርዝ» ላይ የጻፍከው መግለጫ አንድ ዓይነት ነው። እያንዳንዳቸው መቼ እንደማይጠሩም ጻፍ፤ ለምሳሌ «ቀጠሮ ሰርዝ» ላይ፦ «ደንበኛው ሌላ ቀን ከፈለገ ይህን አትጥራ፣ ቀጠሮ ቀይርን ጥራ።»

ይህን ስትጽፍ ግን ስረዛው ተጠበቀ ብለህ አትዘናጋ። መግለጫ ላይ የተጻፈ ክልከላ ምክር ነው። ኤምሲፒ (ኤጀንትን ከቱሎች ጋር የሚያገናኝ የጋራ ደንብ) የምትጠቀም ከሆነ ቱልን «አጥፊ» ብሎ የሚጠቁም ምልክት አለው፤ እሱም ጥቆማ ብቻ ነው፣ ምንም አያግድም። ማገጃው ኮድና ዳታቤዝ ላይ ነው መቀመጥ ያለበት። የኤጀንቱ አካውንት የመሰረዝ ፈቃድ አይኑረው። «ሰርዝ» ሲባል ቀጠሮውን «የተሰረዘ» ብሎ ምልክት ያድርግበት እንጂ አያጥፋው፤ ያንንም ደንበኛው አዎ ካለ በኋላ።

በመጨረሻ ደንበኞችህ እንደሚጽፉት አድርገህ ፈትነው። «ነገ ጠዋት 3»፣ «ሐሙስ ከምሳ በኋላ»፣ «ማታ 12 ሰዓት ትከፍታላችሁ?»፣ «የዛሬውን ለሰኞ አርጉልኝ»። እያንዳንዱን በተለያየ ጊዜ ደጋግመህ ላክ፤ አንዴ ልክ ስለመጣ አትመነው። የኤጀንቱን መልስ ሳይሆን ሎጉ ላይ የላከውን ተመልከት። ሁሉም በኮፒው ላይ ሳይዛነፍ ካለፈ ወደ ዋናው ዳታቤዝ አስገባው፣ የመሰረዝ ፈቃዱን ሳትሰጠው።