«የሸጥኩት ሳውንድ ተቃጥሎ ይመለስብኛል» ላልከው ወንድም

ጥያቄው ላመለጣችሁ ባጭሩ፦ ወንድማችን አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የቤት አምፕሊፋየር (አምፕ) እና ስፒከር ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ቤት ድረስ ሄዶም ይገጥማል። የ6 ወር ዋስትና ይሰጣል። ቱዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል፣ የተቃጠለ ስፒከርና ድምፁ የጠፋ አምፕ እየተመለሰ ትርፉን በላበት። «ዕቃ የማመጣበትን ቦታ ልቀይር ወይስ ዋስትናውን ላስቀር?» ነው ጥያቄው።

ለጊዜው ሁለቱንም ተወው። ዋስትናውን ካስቀረህ ደንበኛው አጠገብህ ያለው ሱቅ ይገባል። ቦታ ብትቀይርም የሚጠብቅህ ብዙውን ጊዜ ያው ዕቃ በሌላ ካርቶን ነው። የተመለሰልህን ዕቃ ክፈትና ምን እንደገደለው ለይ። በዚህ ሥራ በራሱ ጉድለት ከሚሞተው ይልቅ አገጣጠም፣ መብራትና ቮልዩም የሚገድለው ይበዛል፤ ሦስቱም ደግሞ የየራሳቸውን ምልክት ትተው ይሄዳሉ።

ከቱዊተሩ እንጀምር። ሰው ሁሉ «አምፑ በዛበት» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያነሰው አምፑ ነው። ትንሽ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት ባሱ ጣሪያ ነክቶ ይቆማል፣ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ቀጭኑ ድምፅ ግን ቮልዩም በተጨመረ ቁጥር ማደጉን ይቀጥላል፤ ከተቆረጠው ጫፍ የሚፈጠረው ተጨማሪ ኃይልም የሚሄደው ወደ ቱዊተሩ ነው። የቤት ቱዊተር ኮይል እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው፤ ያለማቋረጥ ጥቂት ዋት ብቻ ነው የሚችለው። ሳጥኑ ጀርባ ላይ 100 ዋት መጻፉ አያድነውም፣ የዚያን ቁጥር አብዛኛውን የሚሸከመው ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ክፍል፣ ዎፈሩ ነው። ስለዚህ ለ100 ዋት ስፒከር 20 ዋት አምፕ ሸጠህ «ትንሽ ስለሆነ አይጎዳውም» ብለህ ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ደንበኛው ድምፁ አነሰኝ ብሎ እስከ ጫፍ ያዞረዋል።

የካርቶኑን ቁጥር ፈጽሞ አትመን። 5000 ዋት ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ የሚታሰብ የተጋነነ ቁጥር) የሚለው ጽሑፍ ለሽያጭ እንጂ ለጆሮ አይደለም። ጀርባው ላይ ያለውን የመብራት ፍጆታ አንብብ፦ 60 ዋት ካለ፣ ከገባው በላይ ስለማይወጣና ከፊሉም ሙቀት ሆኖ ስለሚቀር፣ በሁለቱም ቻናል ተደምሮ 30 ወይም 40 ዋት ያህል ነው የምትጠብቀው። ዋጋውን በዚህ ልክ አስብ፣ ለደንበኛውም ይህንኑ ንገረው።

ቱዊተሩን በቴስተር ስትለካ ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። ቀይረህ ከመመለስህ በፊት ግን ጀርባው ላይ የነበረውን ካፓሲተር፣ ባሱን አግዶ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ ፈልግ። በርካሽ ሳጥኖች ውስጥ ካፓሲተሩ ራሱ ቱዊተሩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጠጋኝ አሮጌውን ቱዊተር ሲጥል ካፓሲተሩንም አብሮ ይጥላል። ያለ እሱ የገባ አዲስ ቱዊተር ባሱን ሙሉ በሙሉ ስለሚቀበል በመጀመሪያው ዘፈን ይሄዳል። ለ8 ኦም ቱዊተር (ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) 4 ማይክሮፋራድ አካባቢ ይበቃል፣ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ነው የሚያሳልፈው። ፖላሪቲ የሌለው፣ ማለትም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እግሩ ያልተለየ ዓይነት መሆን አለበት። ካጣህ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ተራ ካፓሲተሮች ኔጌቲቫቸውን አገናኝተህ ብትቀጥላቸው 5 አካባቢ ይሆኑልሃል፤ ቮልቴጃቸው ከ50 አይነስ።

የተቃጠለው ዎፈሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ጥርጣሬህ ወደ አምፑ ይዙር። የአምፑ የመውጫ ትራንዚስተር ሾርት ሲያደርግ ሙዚቃ ሳይሆን ቀጥታ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከረንት) ወደ ስፒከሩ ይልካል። ወረቀቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ተገፍቶ ይቀራል፣ ከዚያ የተቃጠለ ኮይል ሽታ ይመጣል። ስፒከሩን ብቻ ቀይረህ ከዚያው አምፕ ጋር ከመለስክለት ሁለተኛውንም ከኪስህ ትከፍላለህ። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፦ ስፒከር ሳይሰካ፣ ዘፈን ሳይገባ፣ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርገህ በስፒከር መውጫው በቀይና በጥቁሩ መካከል ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ጤነኛ ነው። ከ100 ካለፈ ሳትፈትሸው አትስጥ። 20 ወይም 30 ቮልት ካሳየህ ምንም ስፒከር አታስጠጋው። ከሻሲው (ከብረት ሳጥኑ) ጋር አትለካ፤ ዲጂታል አምፖችና ብዙ አይሲዎች በሁለቱም የስፒከር መውጫ እግር ላይ የውስጥ ፓወር ሰፕላያቸውን ግማሽ ቮልቴጅ ስለሚይዙ ጤነኛውን ታማሚ ያስመስሉብሃል።

አምፕ ከጠገንክ በኋላ በቀጥታ ፕሪዛ ላይ አትሰካው። ባለ ክር 100 ዋት አምፖል ከአንዱ መስመር ጋር በሲሪየስ (መስመሩን ቆርጠህ መሃሉ ላይ) ቀጥልና በእሱ በኩል አብራው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። በርቶ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ቢሆንም ከግማሽ አምፔር በታች ስለሚያልፍ የገዛኸው ትራንዚስተር ይተርፍልሃል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ትራንዚስተር ካነሳን አይቀር፣ ሲ5200 እና ኤ1943 የሚባሉት ጥንዶች ገበያው ውስጥ አስመስሎ የተሠራው ይበዛባቸዋል። ሲቀየሩ በጥንድ ይቀየሩ፣ ከጎናቸው ያሉት 0.22 ኦም ሬዚስተሮችና ከኋላቸው ያሉት ድራይቨሮችም (እነሱን የሚነዱት ትናንሾቹ ትራንዚስተሮች) ይለኩ፤ አንዱ የሄደ ድራይቨር አዲሱን ጥንድ በሰከንድ ይዞት ይሄዳል። በትራንዚስተሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚገባውን ሚካና ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ የረሳ ደግሞ ሥራውን ሁለቴ ይሠራዋል።

አሁን ወደ ደንበኛው ቤት። አምፕ የሚሞትበት ዋናው ምክንያት ከአቅም በላይ ስፒከር መደረብ ነው። ሰው ለሳሎን ሁለት ይገዛል፣ በኋላ ለመኝታ ቤት ሁለት ሌላ አምጥቶ ከነዚያው ላይ ይቀጥላል። ኦሙ ባነሰ ቁጥር ከአምፑ የሚሳበው ከረንት ይጨምራል። 8 ኦም ሁለት በፓራለል (ጎን ለጎን ከአንድ መውጫ ሲቀጠል) 4 ኦም ነው፤ 4 ኦም ሁለት ከሆነ 2 ኦም ይሆናል፣ አብዛኛው የቤት አምፕ ደግሞ ከ4 በታች አይወድም። መጀመሪያ ይግላል፣ ፕሮቴክሽን ገብቶ ይጠፋል፣ ደንበኛው አጥፍቶ ያበራዋል፣ አንድ ቀን ግን አይነሳም። ስትገጥም ሽቦው አምፑ ላይ ከመግባቱ በፊት ጫፉን በቴስተር ለካ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ5.5 እስከ 7፣ ባለ 4 ኦም ከ3 እስከ 3.8 ያነባል። ከ3 በታች ካየህ አትሰካ። ዜሮ አካባቢ ከሆነ የሆነ ቦታ ክሮቹ ተነካክተዋል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው በደንብ ሳይገመድ ከመውጫው ጀርባ ያፈተለከ አንድ ክር ነው።

ሽቦውን በተመለከተ፣ እስከ 10 ሜትር 1.5፣ ከዚያ በላይ ወይም ለ4 ኦም 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ተጠቀም። ቀጭን 0.5 ሽቦ 10 ሜትር ስትዘረጋ ደርሶ መልስ 0.7 ኦም ያህል ይወስዳል፤ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ይህ ማለት ስፒከሩ የሚያገኘው ኃይል ከሩብ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ደንበኛው ደግሞ ያን ለማካካስ ቮልዩም ይጨምራል፣ ተመልሰን ቱዊተሩ ጋ ደረስን። ክሩን በቢላ ፋቅ፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና አንድ ደረጃ ወፍራሙን ውሰድ።

መብራቱ ሦስተኛው ገዳይ ነው። ሄዶ ሲመጣ የሚወረወረው ቮልቴጅ አለ፤ ከዚያ የባሰው ግን ከፖሉ ላይ ኒውትራል ሲላቀቅ ነው፣ በ220 ፈንታ እስከ 380 ቮልት ቤት ሊገባ ይችላል። ተራ ስታብላይዘር ያን አይችልም። ከ180 በታችና ከ250 በላይ የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም 3 ደቂቃ ያህል የሚጠብቅ ፕሮቴክተር ከያንዳንዱ አምፕ ጋር አብረህ ሽጥ፤ ካልገዛ አለመግዛቱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የተመለሰውን ስትከፍት ፊውዙን እይ። መስተዋቱ ከጠቆረ ከባድ ሾርት ነበር፤ መግቢያው ላይ ያለው ክብ ቫሪስተር (ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲገባ አምፑን የሚከላከለው) ከተሰነጠቀ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ ገብቷል። ደንበኛውን «ቴሌቪዥኑስ? ፍሪጁስ?» ብለህ ጠይቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሞተ ሌላ ዕቃ ይኖራል።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ዕቃ ለብቻው ይታይ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ ስቴፕዳውን (220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር) የግድ ነው፤ መጠኑም ከዕቃው ፍጆታ ቢያንስ እጥፍ ይሁን። መቀየሪያ ቁልፍ ካለው ከመሰካቱ በፊት 220 ላይ መሆኑን በዓይንህ አይተህ በናስትሮ ሸፍነው፣ ልጆች በካቻቢቴ ያዞሩታል። ስቴፕዳውን ቮልቱን እንጂ የእኛን መብራት 50 ኸርዝ ወደ አሜሪካው 60 አይቀይርም፦ የዕቃው ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ የበለጠ ይሞቃል፣ አንዳንድ የድሮ የሸክላ ማጫወቻም ሞተሩ በመብራቱ ኸርዝ ስለሚዞር 33 ተብሎ የተሠራው 28 አካባቢ ዞሮ ዘፋኙን ያጎረንነዋል። ያ የማጫወቻው ብልሽት አይደለም፣ ሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ (ማዞሪያ ጎማ) መቀየር አለበት።

«ጉምም ይላል» ተብሎ የሚመለሰውን ሱቅህ ውስጥ አትፈልገው፣ ሱቅህ ውስጥ አይጮህም። ቤቱ ሂድና የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀል። ጉምጉምታው ከቆመ ዲሹ በአንድ በኩል፣ አምፑ በሌላ በኩል መሬት እየነኩ ነው። ሁሉንም ዕቃ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስብ፤ ካልበቃ ቴሌቪዥኑን ከአምፑ ጋር በኦፕቲካል ገመድ (ድምፁን በብርሃን ስለሚያስተላልፍ የመሬት ግንኙነት የማይፈጥር) አገናኝ። የስፒናውን ግራውንድ ቆርጦ ዝም የሚያሰኝ ሰው አለ፣ አታድርገው፤ አምፑ አንድ ቀን ሲበላሽ ሻሲው ሰው ይይዛል።

ስፒከሩን ጥግ ላይ አትስቀል። የብሎኬት ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለበት ሳሎን ባሱን ያደበላልቀዋል፣ ንግግሩን ያስተጋባል። ከግድግዳው 30 ሳንቲሜትር አርቀህ ቱዊተሩን ሶፋ ላይ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት፣ ከ90 እስከ 100 ሳንቲሜትር አካባቢ አድርገው። ባሱ ከጠፋ አንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁሩ ተገላብጦ ይሆናል፤ በ1.5 ቮልት ባትሪ ዎፈሩን ለአፍታ ነካ አድርግ፣ ፖዘቲቭ ከቀይ ጋር ሲሆን የሁለቱም ወረቀት ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሰብዉፈሩ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርግ። የታች ቤት ጎረቤት ጠብ ይዞ ከመጣ ደንበኛህ ዕቃውን ሊመልስልህ ሰበብ አገኘ ማለት ነው።

መገጠሚያውን በነፃ አትሥራ። ከላይ የዘረዘርኩት ልኬት ሁሉ የሚሠራው ያኔ ነው። ነፃ ከሆነ ደንበኛው «እኔው እገጥመዋለሁ» ይልሃል፣ አንተም ትቸኩላለህ። ዋጋውን ለይተህ ጻፍና ዋስትናው ሙሉ የሚሆነው አንተ የገጠምከው ላይ ብቻ ይሁን፤ ራሱ ለሚገጥም 1 ወር በቂ ነው።

ሱቅ ላይ እያንዳንዱን ዕቃ ደንበኛው ፊት 15 ደቂቃ አጫውት። ማሲንቆ ያለበት ዘፈን መካከለኛውን ድምፅ ያጋልጣል፣ ከበሮ ባሱን፣ ስብከት ወይም ዜና ደግሞ የንግግሩን ጥራት። ከካሴት የተቀዳ የድሮ ዘፈን አታስመርጠው፤ ባስም ቀጭንም የሌለው ቅጂ ጥሩውን ስፒከር ያሳማዋል። ሲሪያል ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይስፈር፣ ሁለት ቡሎን ላይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርግበት፤ ሌላ ጠጋኝ ከከፈተው ታውቀዋለህ።

የዋስትና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር በጉልህ ይጻፍ፦ ድንኳን። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ የቤት ስፒከር ለጎረቤት ድግስ ይዋሳል፤ ሜዳ ላይ ድምፁ ስለሚበተን እስከ ጫፍ ተከፍቶ ያድራል። በነዚያ ወራት የሚመለስልህን ሳጥን ክፈትና ጥቁር ኮይል ካገኘህ፣ የስፒከሩ ሽቦም ከወትሮው የረዘመ ከሆነ፣ የት እንደዋለ መጠየቅ አያስፈልግህም።

አሁን እጅህ ላይ ያሉትን የተመለሱ ዕቃዎች በዚህ ለክተህ በሦስት ክምር (አገጣጠም፣ መብራት፣ ቮልዩም) ለያቸውና ስንት ስንት እንደሆኑ እዚሁ ሥር ጻፍልን። ከሦስቱም የማይገባ፣ ካንድ ሞዴል ብቻ የሚደጋገም ካገኘህ ያኔ ነው አስመጪህን የምታናግረው፤ ከዚያ ሞዴል ሁለት ሦስቱን ከፍተህ የውስጡን ፎቶ ይዘህ ሂድ።