ኦንላይን ተማሪዎችን እንዴት እናቀራርብ? ለጠየቅሽው ጥያቄ

እህቴ፣ «ተማሪዎቼ ካሜራ አጥፍተው ይገባሉ፣ ዝም ብለው ይወጣሉ፤ ሴሚስተሩ አልቆም አይተዋወቁም፤ ምን ላድርግ?» ብለሻል። አካውንቲንግ በኦንላይን ሳስተምር ዓመታት ስለሆነኝ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ካሜራውን ተይው። አንዱ ፓኬጁ እንዳያልቅበት ይሰጋል። ሌላዋ ከቤተሰቧ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሆና ነው የምትማረው፤ ቤቷ እንዲታይ አትፈልግም። ድምፅ ይበቃል።

ሰውን ከሰው የሚያላምደው አብሮ መሥራት ነው። የመጀመሪያ ቀን ስምና የሚወዱትን ምግብ መናገር በማግስቱ ይረሳል። እኔ አራት አራት አድርጌ እመድባቸዋለሁ፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ምድቡን አልነካውም። በየሳምንቱ መበወዝ የሚወዱ መምህራን አሉ። እኔ አልስማማም፤ ሰው ሊላመድ ሲል ይለያያል። ቁጥሩም ወሳኝ ነው። ስምንት ከሆኑ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ይደበቃሉ።

ትልቁ ነገር ግን ሥራው አንዱ ያለሌላው የማይጨርሰው መሆኑ ነው። ለምሳሌ የአንድ ሱቅ ሰነዶችን ለአራት እከፍላለሁ። አንዱ የሽያጭ ደረሰኝ፣ አንዷ የግዢ፣ ሌላው የወጪ፣ አራተኛዋ የባንክ ስቴትመንት ይይዛሉ። ሂሳቡ ሚዛን የሚገባው የአራቱም ሲገናኝ ብቻ ነው። አንዳንዱን ልዩነት ሆን ብዬ እተውላቸዋለሁ። ያኔ መደዋወል ይጀመራል። «ከሽያጩ 400 ብር ባንክ አልገባም፤ ወጪ ውስጥ ይዘኸው ይሆን?» ይባባላሉ። ብሩ ሲገኝ ወሬው ስለ ሥራ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤት ኪራይ ይሆናል። እኔ የምፈልገው ያንን ወሬ ነው፤ በትእዛዝ ግን አይመጣም።

እያንዳንዱ ምድብ የራሱ የቴሌግራም ግሩፕ ይኑረው፤ አንቺ አትግቢበት። መምህር ያለበት ቤት ተማሪ እንደ ልቡ አያወራም። ድምፅ ቀድተው እንዲላላኩ አበረታቺ፤ ዱባይ የምትሠራ ተማሪ ከሥራ ስትወጣ ትሰማዋለች። ሰዓትም ስትጽፊ ተጠንቀቂ። የእኛ ማታ 2 ሰዓት እዚያ 9 ፒኤም ነው፤ ሁለቱንም ጻፊ። በዚህ ብቻ ክፍል የሚያመልጣቸው ብዙ ናቸው።

አትግቢ ስልሽ ግን ጥፊ ማለቴ አይደለም። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ከተማሪዎቹ መቀራረብና ከማሰባቸው ጎን የመምህሩን መኖር ያስቀምጣል። ልክ ናቸው። እኔ በየሳምንቱ ለዋናው ግሩፕ አጭር ድምፅ እልካለሁ፤ ማን ምን ጥሩ ነገር እንደሠራ በስም እጠራለሁ። ሁለት ሳምንት የጠፋ ተማሪ ካለ መጀመሪያ የምድቡ ልጆች እንዲደውሉለት አደርጋለሁ። ስልኩ ካልተነሳ እኔ እደውላለሁ። አብዛኛው ጊዜ ግን እነሱ ቀድመውኝ ያገኙታል።

የተማሪዎችሽን ብዛትና የምታስተምሪውን ትምህርት ጻፊልኝ፤ ለክፍልሽ የሚሆን የቡድን ሥራ አብረን እናውጣ።