ክሮንታብን ስለሚያርሙ ፕሮግራሞች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በሐይቁ ዳር በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ሰርቨር አስተዳድራለሁ። የክፍል ማስያዣ ፕሮግራማችን አንድ የሌሊት ሥራ ወደ ክሮንታብ (ሰርቨሩ በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚያስነሣቸው ሥራዎች ዝርዝር) ሲጨምር ቀድሞ የነበሩት የባክአፕ መስመሮች በሙሉ ጠፉ። ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ጥፋቱ ያለው ፕሮግራሙ ነባሩን ዝርዝር በሚያነብበት ቦታ ይመስለኛል። ክሮንታብ አዲስ ዝርዝር ሲቀበል የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ ይተካል እንጂ በላዩ አይጨምርም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ማንበብ ሳይሳካለት ባዶ ጽሑፍ ይዞ ከቀጠለ የራሱን አንድ መስመር ጽፎ ሌላውን ሁሉ ያጠፋል። የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች ይህን ስህተት ችላ የሚሉት በስንፍና ብቻ አይደለም፦ ክሮንታብ ፈጽሞ የሌለው ተጠቃሚ ዝርዝሩን ሲጠይቅም ትዕዛዙ በስህተት ቁጥር 1 ስለሚመለስና ያን ጊዜ ከባዶ መጀመሩ ትክክል ስለሆነ፣ ሁለቱን ሳይለዩ ያልፏቸዋል። መፍትሔው የስህተቱን መልእክት መርምሮ፣ ክሮንታብ የለም ከሚለው በቀር በማናቸውም ስህተት ላይ ምንም ሳይጽፉ ማቆም ነው። ፕሮግራሙ የራሱንም መስመሮች በ# በሚጀምሩ ሁለት ማስታወሻዎች መካከል አጥሮ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን አንዲት ፊደል እንኳ መንካት የለበትም። የሰውን ማስታወሻ የሚያጸዳ ፕሮግራም እኔ በሰርቨሬ ላይ አላስቀምጥም።

ጥያቄ፦ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ ያዘዝኩት ሥራ ሰኞ ጠዋት እንግዶች ቁርስ ላይ ሳሉ ተነሥቶ ሲስተሙን አዘገየው።

መልስ፦ ሰርቨርዎ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት መሆን አለበት፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው፤ 3 ሲቀነስለት ወደ ዋዜማው 23 ሰዓት ይመለሳል፣ ቀኑም እሑድ ይሆናል። ስለዚህ መስመሩ የሚጀምረው በ0 23 * * 0 ነው (ደቂቃ 0፣ ሰዓት 23፣ ማንኛውም ቀንና ወር፣ የሳምንቱ ቀን 0 ማለትም እሑድ)። የእርስዎ ፕሮግራም በቀጥታ 8 ብሎ ከጻፈው፣ ሥራው ሰኞ በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ይነሣል፤ ከረፈደ ቁርስ ጋር የገጠመውም ለዚህ ነው። ሰዓቱን ብቻ ለውጦ ቀኑን የሚረሳ እርማት ስህተቱን በአንድ ቀን ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም።

ጥያቄ፦ በባክአፑ ስም ውስጥ ቀን ለማስገባት የ% ምልክት ስጠቀም ትዕዛዙ በተርሚናል ይሠራል፣ በክሮን (ክሮንታብን አንብቦ ሥራዎቹን በሰዓታቸው በሚያስነሣው ፕሮግራም) ግን አይሠራም።

መልስ፦ ክሮን % ሲያገኝ ትዕዛዙን እዚያው ይቆርጥና የቀረውን እንደ ግብዓት ይሰጠዋል። ከፊቱ \ ያድርጉበት። የእርስዎ ፕሮግራም ሲጽፍ ይህን \ የሚጨምር ከሆነ ሲያነብ መልሶ ማንሣት አለበት፤ ያለዚያ በተቀመጠ ቁጥር ይደራረባል።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ቢዘጋ፣ ያመለጠው ሥራ መብራት ሲመጣ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ክሮን ያለፈን ሰዓት አያካክስም። አናክሮን የተባለው ሌላ ፕሮግራም ያካክሳል፤ ነገር ግን በቀን እንጂ በሰዓት ስለማይቆጥር ለዕለታዊ ባክአፕ እንጂ በየሰዓቱ ለሚሠራ ነገር አይሆንም።