ካብ መካብ የተማርኩት ፈረንሳይ ሄጄ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጀርመን እንደምትኖሪና በነሐሴ ፈረንሳይ ውስጥ ቅርስ በሚጠገንበት ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ ካምፕ መሳተፍ እንዳሰብሽ ጽፈሻል። «ገንዘቤንም እረፍቴንም ጨርሼ ድንጋይ ተሸክሜ ብቻ እንዳልመለስ» የሚለው ስጋትሽ ይገባኛል። ስለ ጾሙም ጠይቀሻል። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ሄጄበታለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ድንጋይ መሸከሙስ አይቀርልሽም። ዋናው ነገር ድንጋዩን የት እንደምታስቀምጪው የሚያሳይሽ ሰው መኖሩ ነው።

የሄድኩት ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሴቬን የሚባል ተራራማ አገር ነው። ገደሉ ሁሉ እርከን ነው። ሰው ወይራና ሽንኩርት የሚያበቅልበት፣ ለሐር ትሉ ቅጠል የሚያገኝበት አፈር እንዳይሸሽበት ተራራውን በካብ ደግፎታል። ያለ ስሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ከዚያ ሰዉ ወደ ከተማ ሲፈልስ ካቡም ጠባቂ አጣ፤ እየጎበጠ ይፈርስ ጀመር። እኛ አሥራ አራት ነበርን፣ ከዘጠኝ አገር። ሥራችን ስምንት ሜትር ያህል የተናደ ካብ መልሶ ማቆም ነበር። ስምንት ሜትር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ!

ሦስተኛው ቀን ላይ እኔና አንዲት ኮሪያዊት አንድ ሜትር ያህል ካብን። ፊቱ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። ፎቶ ሁሉ ተነሳንበት። አስተማሪያችን ስልሳ ዓመት ያለፈው ግንበኛ ነው፤ እንግሊዝኛ አይችልም። መጣና ምንም ሳይናገር ጣቱን ከታች ባለው መጋጠሚያ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ወሰደው። አራት ረድፍ ሙሉ መጋጠሚያው በመጋጠሚያ ላይ ሆኗል፣ በቢላ የተሰነጠቀ ይመስላል። ፈረንሳዮቹ «የሰይፍ ምት» ይሉታል። አንድ ድንጋይ ሁለት ድንጋይ ላይ ካልተቀመጠ፣ ረጅሙ ጎኑ ወደ ውስጥ ካልገባ፣ ካቡ እዚያች መስመር ላይ ይከፈታል። አስፈረሰን።

«የእንቧይ ካብ» እያልኩ ነው ያደግኩት። ዕድሜ ለማይኖረው ነገር ሁሉ እንለዋለን አይደል? ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ማታ መንዝ ላለው አባቴ ደወልኩለት። ካብ እየካብኩ ነው ስለው ብዙም አልገረመውም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሃውስ በየት ይወጣል?» ጠዋት ግንበኛው ሲያስተምረን የዋለው ይህንኑ ነበር! ለዓይን የሚታየው ከፊት ያለው ትልቅ ድንጋይ ነው። ከኋላው ጠጠርና ስብርባሪ ድንጋይ በእጅ እየተመረጠ ይጠቀጠቃል፣ ውሃው በዚያ አልፎ እንዲወጣ። ሴቬን ላይ በመኸር የሚወርደው ዝናብ ኃይለኛ ነው። ውሃ የቋጠረ ካብ ይነፋል፣ ከዚያ ይናዳል። ስሚንቶ ቢለጠፍበት ደግሞ ይብሳል።

ይህ አገርና የእኛ ኮንሶ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው መመዝገባቸውን ያወቅኩት እዚያ ሆኜ ነው። ሁለቱም የካብ አገር ናቸው። ካብ የመካብ ጥበቡ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመዘገብ በስምንት አገሮች ስም ነበር፤ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ክሮኤሺያ እያለ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ከስምንቱ ውስጥ አልነበረችም። እራት ላይ ይህን ሳወራ ኮንሶን በዓይኔ አይቼው እንደማላውቅ ትዝ አለኝና በጣም ቆጨኝ።

ስለዚህ ካምፕ ስትመርጪ ፎቶውን ተይው። ቤተ መንግሥቱም ሐይቁም ያምራል። መጀመሪያ ጻፊላቸውና «ሥራውን የሚያስተምረን ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የሙያ ሰው ከሌለ አትሂጂ። ቅርስን በቅን ልብ የሚያበላሽ ሰው ብዙ ነው፣ የተበላሸውን ማረም ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ደመወዝ የለም። የምዝገባ ክፍያ ትከፍያለሽ፣ ምግብና ማደሪያ ከእነሱ ነው። ትራንስፖርቱን ራስሽ ትችይዋለሽ፤ እኔን ይበልጥ ያስወጣኝ እሱ ነው። ሥራው ብዙውን ጊዜ በቀን አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እኛ ሙቀቱን ሽሽት በጠዋት እንጀምር ነበር። ማደሪያውን በደንብ አጣሪ። እኔ «ቤት» ተብዬ ሄጄ ያገኘሁት ድንኳንና ለአሥራ አራት ሰው አንድ ሻወር ነው። ቀድመው ቢነግሩኝ ምንም አልነበረም፤ አለመንገራቸው ግን አናዶኛል። የቴታነስ ክትባትሽንም አሳድሺ። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ካለሽ ለአጭር ጊዜ ፈረንሳይ ለመግባት ሌላ ቪዛ አያስፈልግሽም። አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ግን፣ የካምፑ ደብዳቤ ለቪዛ ዋስትና አይሆንም፤ ቪዛው ሳይመታ ቲኬት አትቁረጡ።

ጾሙ አያስጨንቅሽ። እኔም ፍልሰታን እዚያ ነው የጾምኩት። ስትመዘገቢ «ቪጋን» ብለሽ ጻፊ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ምግብ የሚሠራው በተራ ስለሆነ ሽሮ ይዘሽ ሂጂ። ግማሽ ኪሎ ይዤ ነበር፣ በአንድ ማታ አለቀ። የሚከብደው እስከ ስድስት ሰዓት እየጾምሽ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ማንሳቱ ነው። እኔ ከአስተባባሪዋ ጋር ተነጋግሬ ጠዋት ጠጠር መምረጡን ያዝኩ፣ ትልልቁን ከምሳ በኋላ። ለአስተባባሪሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት፣ ደክሞሽ እስክትወድቂ አትጠብቂ።

ሲያልቅ የሚሰጥሽ ወረቀት የተሳትፎ ነው፣ ሙያ አያስመሰክርም። በሙያው መግፋት ከፈለግሽ ግን ፈረንሳይ ውስጥ ለካብ ሥራ ራሱን የቻለ የሙያ ማረጋገጫ አለ፤ ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ልጅ ወደዚያው ገብቷል።

ሴፍቲ ጫማ እንዳትገዢ። የእኔ 39 ቁጥር ነው፣ እቤት ተቀምጧል። ልክሽ ከሆነና ፍራንክፈርት አካባቢ ካለሽ በውስጥ ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂው። ጓንቱ ግን አልቋል፣ እሱን አዲስ ግዢ፤ ሁለት ጥንድ።