ቤተ ክርስቲያን ክብ ካልሆነስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ስለጠበበ ፈርሶ ሊሠራ ነው። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ያሳየን ንድፍ ግን እንደ ድሮው ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። እናቴ «ይሄማ አዳራሽ ነው፤ እኔ አዳራሽ አልሳለምም» ብላ ለሕንፃው የተሳለችውን ገንዘብ ይዛ ቁጭ ብላለች። ቤተ ክርስቲያን የግድ ክብ መሆን አለበት?

መልስ፦ እኅታችን፣ የግድ አይደለም። ስእለቱን ግን እናትሽ ቢያስገቡት ይሻላል፤ የተሳሉት ለእግዚአብሔር እንጂ ለንድፉ አይደለም።

ከመጽሐፍ እንነሣ። ሰሎሞን የሠራው ቤተ መቅደስ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 30 ክንድ ነበር (1ኛ ነገ. 6፥2)። ርዝመቱና ወርዱ ተለይቶ የተነገረ ቤት ክብ አይሆንም። በአገራችንም ደብረ ዳሞ፣ በገመድ ተስበው በሚወጡበት አምባ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ አራት ማዕዘን ነው። ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ሲሆን ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያለውን የእንጨቶቹን ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» ይሉታል። የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለምም አራት ማዕዘን ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ መስቀል። ክቡ በብዛት የተስፋፋው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። የገበሬውን ጎጆ ይመስላል፤ ምእመናኑ ራሳቸው ጭቃውን አቡክተው፣ ግድግዳውን መርገው፣ ሣሩን ከድነው የሚያቆሙት ቤት ነው። እናትሽም የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም እወደዋለሁ።

«አዳራሽ» ማለታቸው ግን ሳያውቁት ታሪክ መጥቀሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ313 ክርስቲያኖች ነፃነት ካገኙ በኋላ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በሮም ላሠራቸው ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አብነት የሆነው ባሲሊካ የሚባለው ቤት ነው። ባሲሊካ ደግሞ ችሎት የሚቀመጥበት፣ ነጋዴ የሚገናኝበት የሕዝብ አዳራሽ ነበር። የጣዖቱን ቤት ለምን አልተከተሉም? እዚያ ጣዖቱ ውስጥ፣ መሠዊያውና ሕዝቡ ውጭ ነበሩ። ክርስቲያን ግን ተሰብስቦ የሚቀድስና የሚቆርብ ስለሆነ ሰው የሚይዝ ቤት አስፈለገው። ከ200 ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ሐጊያ ሶፊያ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ532 እስከ 537 ሲያሠራ ወርዱ 31 ሜትር ያህል የሆነ ጉልላት ደፋበት። ጉልላቱ በ558 ወደቀ፤ ከፊተኛው ከፍ ተደርጎ እንደገና ተሠራ። ቅርጽ እንዲህ በየዘመኑ ሲሞከር፣ ሲወድቅና ሲነሣ የኖረ ነገር ነው።

የማይለወጠው ውስጡ ነው፦ መዘምራኑ የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት፣ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ ታቦቱ ያለበት መቅደስ። በክቡ ሦስቱ አንዱ ሌላውን ከቦ ይሠራሉ፤ በአራት ማዕዘኑ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይከታተላሉ። ጳጳስ የባረከው ታቦት ካልገባበት ደግሞ ክቡም አራት ማዕዘኑም ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ስለ ቅርጹ ከመሟገት ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ መቅደሱ በምሥራቅ ነው? መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው የሚያሸበሽቡበት ቦታ አላቸው ወይስ አግዳሚ ወንበሩ በልቶታል? ታቦቱ ወጥቶ ሦስት ጊዜ የሚዞርበት ግቢ ተርፏል? ቤተልሔሙስ የት ነው? እኔ ያየኋቸው ንድፎች ብዙዎቹ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ቤተልሔሙን ጭራሽ ረስተው፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከጥበቃ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ የለጠፉትንም አይቻለሁ። የሥጋ ወደሙ መሥዋዕት የሚዘጋጅበት ቤት እኮ ነው!

እናትሽን አትጫኛቸው። እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ በተሠራ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን፣ በምረቃው ማግስት አንዲት እናት ሲሳለሙ አይቻለሁ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሲዞሩ ማዕዘኑ ጋ ደረሱና ቆሙ፤ እጃቸው የለመደው ክቡን ነው። ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ግንባራቸውን አስነኩና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ደቡቡ በር አለፉ።